በማኒፌስቶ ያልተጻፈ መዘጋት

በብሪታንያ የምርጫ መድረክ ላይ ወጥቶ «ከመረጣችሁኝ ቤተ መጻሕፍታችሁን እዘጋለሁ» ያለ ትልቅ ፓርቲ የለም። እጩዎቹ በልጅነታቸው መጽሐፍ የተዋሱበትን አዳራሽ ያሞግሳሉ፣ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 (ኢትዮጵያ ላይ እስክደርስ ድረስ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጠቅላላ ምርጫው ቀናት ሲቀሩት የአገሪቱ የመንግሥት ሒሳብ ባለሙያዎች ተቋም ባወጣው ቆጠራ፣ ከአሥር ዓመት በፊት 4,356 የነበሩት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 3,583 ሆነው ተገኙ። የደመወዝተኛ ሠራተኞቻቸው ቁጥር ደግሞ ከ24 ሺህ ወደ 15 ሺህ ገደማ ወርዷል። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ በ2010፣ በ2015 እና በ2017 ድምፅ ሰጥቷል። ማንም ቃል ያልገባው፣ ማንም ያልመረጠው ነገር እንዴት ሊፈጸም ቻለ?

ለመልሱ የገንዘቡን መንገድ መከተል ይበቃል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደሩት በአካባቢ ምክር ቤቶች ነው፤ የምክር ቤቶቹ በጀት ግን ለረጅም ጊዜ በእጅጉ የተደገፈው በማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ነበር። በ2010 መጨረሻ መንግሥት ይህን ድጎማ በአራት ዓመት ውስጥ ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክር ቤቱ የአረጋውያን እንክብካቤና የሕፃናት ጥበቃ ግዴታዎች አሉበት፤ እነዚህን ቢያጓድል በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ቢላዋው የሚያርፈው ጮሆ በማይከሰው ላይ ነው። ሚኒስትሩ «የአካባቢው ውሳኔ ነው» ይላል፤ የምክር ቤቱ አባል «ገንዘቡ ከላይ ተቆረጠብን» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ጥፋቱ ግን ባለቤት አጥቷል። የቤተ መጻሕፍት ተሟጋቾች በአገር አቀፍ ምርጫ ወቅት መነሳት ያለባቸው ለዚህ ነው። የበጀቱ ልክ የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ፣ የአካባቢው ስብሰባ ላይ ሲደረስ የቀረው ጥያቄ የትኛው በር ይዘጋ የሚለው ብቻ ነው።

«የፓርላማ እጩ ስለ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ምን አገባው?» የሚለው ተቃውሞ ሕጉን ሲያዩት አያስኬድም። ለእንግሊዝና ለዌልስ የወጣው የ1964ቱ የቤተ መጻሕፍትና የሙዚየሞች ሕግ፣ ምክር ቤቶች የተሟላና ቀልጣፋ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ሚኒስትሩም ይህን እንዲቆጣጠር፣ ካስፈለገም ምርመራ እንዲያዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። በሥልጣኑ ግን እምብዛም አይጠቀምም። ብዙ ቅርንጫፎቹን ሊዘጋ በነበረው በዊራል ምክር ቤት ላይ በ2009 የታዘዘው ምርመራ ምክር ቤቱን ወደ ኋላ መልሶታል። ከዚያ በኋላ በመቶዎች ሲዘጉ ሚኒስትሮቹ ዳር ቆመው አዩ። ነዋሪዎች ራሳቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄደው በ2011 ግሎስተርሻየርንና ሶመርሴትን ረተዋል፤ የረቱት ግን በዋናነት ምክር ቤቶቹ በእኩልነት ሕግ የተጣለባቸውን ግዴታ ስላልተወጡ ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የብሬንት ነዋሪዎች ተሸነፉ፤ ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1900 መርቆ የከፈተው የኬንሳል ራይዝ ቤተ መጻሕፍት ከተዘጉት ስድስቱ አንዱ ሆነ። ጥርስ እያለው የማይነክስ ሕግ ሲኖር፣ መንከስ የሚችለውን ሰው በምርጫ ጊዜ መጠየቅ ምን ያስነውራል?

ነገሩ ከጥንቱም ቢሆን የምርጫ ነገር ነበር። የ1850ው የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ሕግ ማንኛውም ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከማቋቋሙ በፊት ግብር ከፋዮቹ ድምፅ እንዲሰጡበትና ሁለት ሦስተኛው እንዲስማማ ይጠይቅ ነበር። በፓርላማው ከተቃወሙት መካከል ኮሎኔል ሲብቶርፕ የሚባሉ እንደራሴ ማንበብ ጨርሶ እንደማይወዱ፣ ኦክስፎርድ ሳሉም እንደጠሉት በግልጽ ተናገሩ። ቢያንስ ሰውየው አቋማቸውን አልሸሸጉም፤ ከዛሬው የአንገት በላይ ፍቅር እሳቸው ይሻላሉ። የሕጉ ጉድ ግን ሌላ ነው። ከተማው በሰበሰበው ቀረጥ ሕንፃ መሥራትና ሠራተኛ መቅጠር ሲፈቀድለት፣ መጽሐፍ መግዛት አልተፈቀደለትም፤ መጽሐፉ ከቸር ሰው ይገኛል ተብሎ ታሰበ። መደርደሪያ ያለ መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ስለታወቀ በ1855 ሕጉ ተሻሻለ። የቤተ መጻሕፍት ለጋሹ ባለጠጋ አንድሩ ካርኒጊም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በአሜሪካ ሕንፃ ሲሰጥ ከተማው የሕንፃውን ዋጋ አሥር በመቶ በየዓመቱ ለአገልግሎቱ እንዲመድብ ውል ያስገባ ነበር፤ የማያስተዳድሩትን እንዳይቀበሉት መሆኑ ነው።

ካርኒጊ የፈራው በበርሚንግሃም ደረሰ። በ2013 የሴት ልጆች ትምህርት ተሟጋቿ ማላላ ዩሳፍዛይ የመረቀችው፣ ከ188 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የፈሰሰበት የከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት ዓለም ያደነቀው ሕንፃ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ2015 በሳምንት 73 ሰዓት ይከፈት የነበረው በር ወደ 40 ሰዓት ወረደ፤ ሠራተኞቹም ተቀነሱ። ሕንፃው አልተነካም፤ ፎቶ የሚነሳበት አሁንም ያምራል። ለሪባን መቁረጫ የሚሆን ገንዘብ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ለማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ገንዘብ ግን አይገኝም። በምርጫ ዘመቻ «ቤተ መጻሕፍት እንሠራለን» የሚል ተስፋ ሲቀርብ ተሟጋቹ ማጨብጨብ የሌለበት ለዚህ ነው።

«ዘመኑ የስልክ ነው፣ ሰውም መምጣት ቀንሷል» የሚሉ አሉ። የጎብኚው ቁጥር መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዓቱ አጥሮ፣ አዲስ መጽሐፍ መግዛት ቆሞ፣ ባለሙያው ተሰናብቶ ሲያበቃ «ሰው አልመጣም» ማለት፣ ሱቁን ዘግቶ ገበያ ጠፋ እንደማለት ነው። ደግሞም ኢንተርኔቱ ራሱ የቤተ መጻሕፍትን አስፈላጊነት ጨምሮታል። ከ2013 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ማመልከቻ በዋናነት የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ኮምፒውተር የሌለው፣ ወይም ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው የሚሄደው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው። «በጎ ፈቃደኞች ይያዙት» የሚለውም ተሞክሯል፤ በ2019 ቆጠራ ከ50 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሀብታም ሰፈር ጡረታ የወጣ መምህርና ጠበቃ አይጠፋም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ግን በጎ ፈቃድ ጊዜን ይጠይቃል፣ ጊዜውም የለም። «ሆስፒታሉ ወረፋ ይዞ ሳለ» ለሚሉት ደግሞ ሒሳቡ ይኸው፤ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ዓመታዊ ወጪ በእነዚያ አሥር ዓመታት አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ከነበረበት ከ750 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ የመንግሥት ጠቅላላ ዓመታዊ ወጪ ግን በ2019 ከ800 ቢሊዮን በላይ ነበር። በዚህ ቁጠባ የትኛው ሆስፒታል ዳነ?

አንዱ ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይታለፍም። ቤተ መጻሕፍት የሁሉም ነው፤ የየትኛውም ፓርቲ መራጭ ያለ ስጋት የሚገባበት በመሆኑ ነው የሚታመነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በዘመቻ ከተሰለፈ ይህን አደራ አይበላም ወይ? አደጋው እውነት ነው። የብሪታንያ ሕግም ይህን አይቶ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ፖሊሲ እንዲሟገት ሲፈቅድ፣ ለፓርቲ እንዳይቀሰቅስ ይከለክላል፤ በምርጫ ወቅት ለዘመቻ የሚውል ገንዘብንም የ2014ቱ ሕግ ይገድባል። ስለዚህ ድንበሩ ግልጽ ነው። ሠራተኛው በሥራ ሰዓቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም ዝም ይበል፤ የሙያ ማኅበሩ ለሁሉም እጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርብ፣ መልሱንም ሳይቀንስ ሳይጨምር ለአንባቢ ያሳትም፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ይወጣው። እንዲያውም ዝምታን ገለልተኝነት ብሎ መጥራት የጠቀመው የሚቆርጠውን ወገን ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም፤ ለዚህ ልዩነት የራሳችን በጀት ስም አለው፤ ለግንባታው ካፒታል፣ ለዕለት ሥራው መደበኛ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ የሚያስተናግደው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቋል። መልካም ነው፤ በካፒታል በጀት የሚሠራውን እንዴት መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የወረዳው ንባብ ቤት ግን የሚኖረውም የሚሞተውም በመደበኛ በጀት ነው፤ መደበኛው በጀት ደግሞ አይመረቅም። እጩው ቃል ኪዳኑን ይዞ ሲመጣ «ትሠሩልናላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይሠራል፣ ቢያንስ የመሠረት ድንጋዩን ያስቀምጣል። በምትኩ በየዓመቱ ለመጽሐፍ መግዣ ስንት ብር እንደሚመደብ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል፣ ተማሪ ከትምህርት በሚወጣበት ሰዓትና ቅዳሜ በሩ ክፍት መሆኑን ጠይቁት። መልሱንም ከነቀኑ ጽፋችሁ አስቀምጡት።