ከአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስንት ምርመራ ይበቃል?

የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ወደ ጎጃሟ ግንደወይን የተመለሰ ሰው፣ ቁስሉ ሲሽር ሕክምናው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ክትትሉ ግን 5 ዓመት ይዘልቃል። በሽታው የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው፤ በብዛት የሚታየውም ጉበትና ሳንባ ላይ ነው። ምርመራው የሚደረገው ገና ትንሽ ሳለ ደርሶ ለማውጣት ነው።

የተለመደው ክትትል ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ፣ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን በዓመት አንዴ ገደማ፣ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው 1 ዓመት በኋላ ነው። የግንደወይን ሰው ለዚህ በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሄዳል፤ አለዚያም በቢቸናና በደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭት ሳቢያ በጎጃም መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። በዚህ ላይ የአልጋው፣ የአስታማሚው፣ የእርሻው ነገር አለ።

ታዲያ ቀጠሮ የሚቀንስ ሰው ነፍሱን ችላ ብሏል ማለት ነው? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ኮሎፎል የተሰኘ ጥናት በስዊድን፣ በዴንማርክና በኡራጓይ 2,509 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ በ3 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ፣ ግማሾቹ 2 ጊዜ ብቻ ሲቲ ስካንና ሲኢኤ ተደረገላቸው። በ5 ዓመት ውስጥ የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 13 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 14.1 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ያህል ትንሽ ነው።

ግን 2 ጊዜ መመርመር ማለት ጭራሽ አለመመርመር ማለት አይደለም። በዚያ ጥናት ጥቂት የተመረመሩትም በ1ኛውና በ3ኛው ዓመት ታይተዋል። ኮሎኖስኮፒውም መቅረት የለበትም፤ በተለይ አንጀቱ ተዘግቶ በድንገት ለተሠራ ሰው፣ ቀሪው አንጀት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስላልታየ በጥቂት ወራት ውስጥ መታየት አለበት።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ካንሰሩ ጉበት ላይ ቢገኝ እንደገና ለመሠራት አቅሙና ፈቃዱ አለ? ካለ፣ ቶሎ ማወቅ ዕድል ነው። አቅሙ ለዳግም ቀዶ ሕክምና ለማይፈቅድ ወይም ከእንግዲህ ቢላዋ አይነካኝም ላለ ሰው ግን፣ ምርመራ መደጋገም ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን ቀድሞ ማምጣት ነው። ደህና ነህ መባልን ብቻ ፈልጎ በየ6 ወሩ መንገድ የሚወጣም አለ፤ ይህም መከበር ያለበት ምርጫ ነው። ሆኖም ታካሚው እንዳይደነግጥ ብሎ ቤተሰብ የበሽታውን ስም ሲደብቅበት፣ ምርጫው ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ሊቀር ይገባል።

ሐኪሞቻችንም መንገዱን ማቅለል ይችላሉ። ለሲኢኤ የሚያስፈልገው ትንሽ ደም ነው፤ ሞጣ ተቀድቶ ናሙናው የሚላክበት መንገድ ቢመቻች፣ ሁልጊዜም በአንድ ላቦራቶሪ ቢሠራ፣ ታካሚው ከብዙ ጉዞ ይድናል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እንግዲህ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይህ ምርመራ አንድ ነገር ቢያሳይ ምን ይደረግልኛል? የትኛው ሊቀር ይችላል?» በሰገራ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም የሆድ ሕመሙ ካልተወ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።