ከሲሲሊ የተላከው ዘር

እ.ኤ.አ. በ1699 ፍራንቼስኮ ኩፓኒ የተባለ የሲሲሊ መነኩሴ፣ በእንግሊዝ አገር ኤንፊልድ ለሚኖረው መምህር ለሮበርት ኡቭዴል የአንድ ሐረግ ዘር ላከለት። አበባዋ ትንሽ ናት። የላይኛው ቅጠሏ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ፣ ክንፎቿ ሐምራዊ፣ መዓዛዋ ግን ግቢ ሙሉ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ አጥር ላይ የሚወጣው ስዊት ፒ የመጣው ከዚህ ሐረግ ነው።

ስዊት ፒ ዘር መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ የተሻለ ሐረግ ይመስለኛል፤ የእናቱን መልክ ይጠብቃልና። አበባው ገና እንቡጥ ሳለ፣ ንብ ሳትደርስ፣ የወንዴው ብናኝ ሴቴው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከነጭ ሐረግ የተለቀመ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ያብባል። የዘር ውርስ ተመራማሪዎቹ ቤትሰን፣ ሳውንደርስና ፐኔት እ.ኤ.አ. በ1905 አንዳንድ ባሕርያት ተያይዘው እንደሚወረሱ ያስተዋሉትም በዚሁ ተክል ላይ ነው።

ችግሩ ሐረጉ ዘር ካፈራ ማበቡን መተዉ ነው። አብዛኛው ሰው አበባውን እስኪጠግብ ቀጥፎ፣ ለዘር የሚያስቀረው የመጨረሻውን ደካማ ፍሬ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ገና ሲያብብ ከሁሉ ያማረውን ሐረግ መርጣችሁ ክር እሰሩበት፤ የዚያን ፍሬ አትንኩ፣ የሌሎቹን ቅጠፉ።

ቅርፊቱ ገለባ መስሎ ሲደርቅና ሲነቀነቅ ሲንኳኳ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ ወዲያ መዘግየት አያዋጣም። በቅርፊቱ ውስጥ ያሉት ቃጫዎች አሰላለፋቸው ሰያፍ ስለሆነ ሲደርቁ ሁለቱን ክፋዮች በተቃራኒ አቅጣጫ ያጠማዝዛሉ፤ ስፌቱ ሲለቅ ቅርፊቱ ቷ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል። ዝናብ ከመጣ ቢጫ የሆነውን ቆርጦ በወረቀት ከረጢት ቤት ውስጥ ማድረቅ ይቻላል።

የተለቀመ ዘር ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ያረጃልም። የዘር ባለሙያዎች የሚመሩበት ግምት አለ፦ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ፣ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ለሳምንታት ጥላ ውስጥ አድርቁት። በፕላስቲክ የታፈነ እርጥብ ዘር ይሻግታል፤ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ልጣጩ ውሃ አላስገባ ብሎ የሚያስቸግር ካለ፣ ሲዘራ ከዓይኑ በተቃራኒ በኩል በጥቂቱ ፋቅ ማድረግ ነው።

አንድ ብርቱ ነገር አለ። ስዊት ፒ የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። ጓያ አብዝቶ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ በአገራችን የታወቀ ነው፤ የስዊት ፒ ዘር ደግሞ በራሱ መርዝ አጥንትንና ጅማትን ይጎዳል። መልኩ አተር ስለሚመስል ሕፃናትን ያታልላል። ስለዚህ ፖስታው ላይ ስሙን፣ ቀለሙንና ዓመቱን ስትጽፉ፣ «አይበላም» የሚለውንም በጉልህ ጨምሩበት።