ብረት አይነቅዝም፣ የያዘው አጥንት ግን ያልቃል

ዛሬ የማወራችሁ ስለሚተከል ጥርስ፣ ኢምፕላንት ስለሚባለው ነው። «መራዊ ላይ ደግሞ ማን አስተክሎ ነው?» እንዳትሉኝ። ልጅ ውጭ አገር ያለው ወላጅ አዲስ አበባ ሄዶ ያስተክላል፤ ከውጭ ተተክሎላቸው የሚመለሱም አሉ። ችግር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው፣ የጥርስ ሐኪም ያልሆንኩትን።

በቅርቡ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው በላከችላቸው ብር ከ3 ዓመት በፊት የታችኛው መንጋጋቸው ላይ ሁለት ጥርስ አስተክለዋል። ሲፋቁ ይደማል፣ አፋቸውም ጠረን አምጥቷል። «አያመኝም እኮ ዶክተር፤ ደግሞስ ብረት ምን ይነቅዛል?» አሉኝ። ድዱን ጫን ሳደርገው መግል ወጣ።

ስለ ብረቱ እውነታቸውን ነው። የሚተከለው ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ ብሎን ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አጥንቱ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚያቸው የተከሉት ሰውየው እስኪሞት ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። የሚታመመው ዙሪያው ነው። የራሳችንን ጥርስ ጥቃቅን ክሮች ከድድና ከአጥንት ጋር ጠፍረው ይይዙታል፣ ለጀርምም አጥር ይሆናሉ። ብሎኑ ይህ አጥር የለውም፤ ድዱ አቅፎት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቁጣው አንዴ ወደ አጥንት ከወረደ ከተፈጥሮ ጥርስ ይልቅ ቶሎ ይጓዛል።

መጀመሪያ ድዱ ብቻ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ላይ በደንብ ከጸዳ ይድናል። ካለፈ አጥንቱ መበላት ይጀምራል፤ የተበላው ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይሞላም። የባሕር ዛፍ ቋሚ አስቡ። ክረምት አፈሩን ከላይ እየሸረሸረው እንኳ ሥሩ እስካለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚነቃነቀው መጨረሻ ላይ ነው። ጥርሱም እንደዚያው ነው። «አልተነቃነቀም፣ አላመመኝም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የሚታመነው ምልክት ደም ነው።

ማን ላይ ይብሳል? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «የድሮው ጥርስ ለምን ወለቀ?» ብዬ ነው። በባጃጅ አደጋ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ድዱ እየሸሸ፣ ጥርሱ እየተነቃነቀ ከወለቀ ግን ያ ጀርም በቀሩት ጥርሶች ላይ አሁንም አለ፣ አዲሱንም ይወርሳል። የድድ በሽታ ሳይታከም ማስተከል ምስጥ ባለበት ቤት አዲስ ምሰሶ እንደማቆም ነው።

ሁለተኛው ጽዳት ነው። የወይራ መፋቂያን አልነቅፍም፤ ፊቱን አሳምሮ ያጸዳል። ብሎኑ ድድ ውስጥ የሚገባበትን አንገት ግን አይደርስበትም። እዚያ የሚለጠፈውን ነጭ ቆሻሻ ለስላሳ ብሩሽና የጥርስ ክር ናቸው የሚያወጡት። በመርፌ መጎርጎር ፈጽሞ አይሆንም። ክትትል ማቋረጥም ከዚሁ አይለይም፤ ቢያንስ በየ6 ወሩ መታየት ያስፈልጋል። ለዚህ የግድ አዲስ አበባ መመላለስ የለባችሁም፣ ባሕር ዳር ቅርብ ናት። ብቻ ስታስተክሉ የብሎኑን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ካርድና የመጀመሪያውን ራጅ ተቀበሉ፣ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት። ያ ከሌለ ሌላ ሐኪም የትኛው መፍቻ እንደሚገባለት እንኳ አያውቅም።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙ ስለማይደማ በሽታው ይደበቅበታል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የታካሚው አይደለም፤ ጥርሱ ሲለጠፍ የተረፈ ማጣበቂያ ድድ ሥር ይቀርና ያስቆጣል።

ስኳርስ? ስኳሩ የተስተካከለ ሰው ማስተከል ይችላል። ከፍ ብሎ የሰነበተ ስኳር ግን ድድን ያስቆጣል፣ ቁስልንም ያዘገያል። እኒያን አባት በሁለት የተለያዩ ቀናት በባዶ ሆድ ለካኋቸው፤ 214 እና 198። 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ነው። ምን ያህል ጊዜ አብሯቸው እንደኖረ እንጃ፣ ለክተውት አያውቁም ነበር። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ከፋርማሲ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ገዝተው ውጠዋል። ኪኒን ብሎኑ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ አያነሳም፤ በመሣሪያ መጽዳት አለበት።

የስኳር መድኃኒት አስጀምሬ ባሕር ዳር ወደ ጥርስ ሐኪም ላክኋቸው። ራጁ ላይ አንደኛው ግማሽ አጥንቱን አጥቷል፣ ምናልባት ይወጣ ይሆናል። የሌላኛው ድዱ ብቻ ነው የተቆጣው፤ ታጥቦ አሁን መድማቱን ትቷል። «ለልጄ ምን ልበላት? ያን ሁሉ ብር ልካ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። እኔም የጥርስ መሃል የሚያጸዱትን ትንንሽ ብሩሾች ትላክልዎ አልኳቸው፤ መራዊ ፈልጌ አላገኘሁም።