ያለ መሣሪያ በከዋክብት እየተመሩ ስለሚደረግ የባሕር ጉዞ

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ተበታትነው የሚገኙት የፖሊኔዥያ ደሴቶች፥ የአውሮጳ መርከበኞች ከመድረሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ሰው የሰፈረባቸው ነበሩ። ሰፋሪዎቹ ኮምፓስም ሆነ የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም። ታዲያ ደሴቶቹን ያገኟቸው በዕውቀት ነው ወይስ በአጋጣሚ? ኒው ዚላንዳዊው አንድሩ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ያለ መሣሪያ ሩቅ ደሴትን አስቦ መሄድና መመለስ አይቻልም፤ ሰዎቹን ያደረሳቸው ነፋስና ማዕበል ነው ሲል ተከራከረ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የከዋክብቱ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ፥ ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

፩. አቅጣጫን ስለ ማወቅ

አንድ ኮከብ በአንድ ሥፍራ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ሁልጊዜ ከአድማስ በዚያው ነጥብ ይወጣል፤ በዚያው ነጥብም ይጠልቃል። የሚለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ይኸውም በየዕለቱ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ስለዚህ የትኛው ኮከብ በየት በኩል እንደሚወጣ በቃሉ ያጠና ሰው አድማሱ ራሱ ኮምፓስ ይሆንለታል። ኮከቡ ከፍ ሲል ለአቅጣጫ አይመችም፤ ያን ጊዜ ከዚያው ሥፍራ ተከትሎ የሚወጣው ሌላ ኮከብ ይተካዋል። በካሮላይን ደሴቶች ይህን ትምህርት ለልጆች የሚሰጡት ድንጋዮችን በክብ ደርድረው ነው፤ የክቡም ነጥቦች 32 ናቸው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ መሪው ከሩቅ የሚመጣው ማዕበል ታንኳይቱን በየት በኩል እንደሚያነሣት ያስተውላል።

፪. ኬክሮስን ስለ ማወቅ

የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ ኮከቡን ከእንጦጦ በላይ ዝቅ ብሎ እናየዋለን። ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን ወደ ሰማይ የሚያነሣ ሰው የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍንለታል። እርግጥ ነው፥ በእኛ አገር ተራራው እውነተኛውን አድማስ ስለሚጋርድ ልኩን ያሳስታል፤ በባሕር ላይ ግን አድማሱ የተስተካከለ ነው።

ይሁን እንጂ የሰሜን ኮከብ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አይታይም። በዚያን ጊዜ መሪው በአናቱ ትክክል የሚያልፈውን ኮከብ ይመለከታል። አርክቱረስ በሃዋይ አናት፥ ሲሪየስም በታሂቲ አናት አጠገብ ያልፋሉ። የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብትም ይረዳሉ፤ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከላይኛው ኮከብ እስከ ታችኛው 6 ዲግሪ ያህል ነው። ከታችኛው ኮከብ እስከ አድማስ ያለው ርቀት ይህንኑ ሲያክል ተጓዡ በሃዋይ ኬክሮስ ላይ መሆኑን ያውቃል።

፫. ከዋክብት ስለማይነግሩት ነገር

ኬንትሮስን ግን ያለ ትክክለኛ ሰዓት ከከዋክብት ማግኘት ያስቸግራል፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የሰዓት ስሕተት የቦታ ስሕተት ይሆናልና። የጥንቱ መሪ ይህን ችግር የሚያልፈው በብልሃት ነው። የታንኳይቱን ፍጥነት በዓይኑ እየገመተ የሄደበትን መንገድ በልቡ ይይዛል፤ ደግሞም ነፋስ ከምሥራቅ በሚነፍስበት ባሕር ሆን ብሎ ከደሴቲቱ በስተምሥራቅ ያልፋል። ወደ ደሴቲቱ ኬክሮስ በደረሰ ጊዜ ደሴቲቱ በስተምዕራብ መሆኗን ስለሚያውቅ በነፋሱ ኃይል ወደዚያው ይዞራል። ማለዳ ለዓሣ አደን ወጥተው ማታ ወደ የብስ የሚመለሱት ወፎችም የመጨረሻውን መንገድ ያሳዩታል።

፬. እ.ኤ.አ. በ1976 ስለተደረገው ፈተና

ክርክሩን በተግባር ለመፈተን በሃዋይ አንድ ማኅበር ሆኩሌአ የተባለች፥ ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን የተጋጠሙላት ባለ ሸራ ታንኳ አሠራ። ስሟ የአርክቱረስ የሃዋይ ስም ነው፤ ትርጓሜውም የደስታ ኮከብ ማለት ነው። ነገር ግን ታንኳይቱ ስትገኝ መሪ ጠፋ፤ በሃዋይ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበርና። ስለዚህ በካሮላይን ደሴቶች ከምትገኘው ከትንሿ ሳታዋል ማው ፒያይሉግ ተጠራ፤ እርሱም ጥበቡን በልጅነቱ ከአያቱ የተማረ ሰው ነበር። ሆኩሌአ በሜይ መጀመሪያ ከሃዋይ ተነሥታ ያለ መሣሪያ ተጓዘች፤ ከአንድ ወር በኋላም መጀመሪያ የማታይቫን ደሴት አየች፤ ጁን 4 ቀን ታሂቲ ገባች።

ይህ ጉዞ የጥንት ሰዎች እንዲህ እንዳደረጉ አያረጋግጥም፤ ማድረግ ይችሉ እንደነበር ግን አሳይቷል። ከዚህ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ማው ከታሂቲ ወደ አገሩ ስለተመለሰ፥ ሆኩሌአ ወደ ሃዋይ የተመለሰችው በመሣሪያ እየተመራች ነው። አንድ ሰው ሲለይ ጥበቡ ሁሉ አብሮት ከታንኳይቱ ወረደ ማለት ነው። በኋላ ግን ማው ናይኖአ ቶምሰን የተባለውን የሃዋይ ወጣት አስተማረው፤ ናይኖአም በ1980 ታንኳይቱን ያለ መሣሪያ ወደ ታሂቲ መርቶ መለሳት። ማው በ2010 ሲሞት ጥበቡ በተማሪዎቹ ዘንድ ቀርቷል።

እንግዲህ ከላይ እንዳየነው ይህ ዕውቀት የደመ ነፍስ ነገር አይደለም፤ ልክ፥ ሥርዓትና ወሰን ያለው ትምህርት ነው። ማኅደሩ ግን የሰው ራስ ብቻ በመሆኑ ለመጥፋት አንድ ትውልድ ይበቃዋል። በማንኛውም አገር ያልተጻፈ ዕውቀት ለማጥናት የሚነሣ ተማሪም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ዕውቀቱ እውነት ነውን ብሎ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ዛሬ በሕይወት አለን ብሎም ነው።