ስለ ቀዶ ሐኪም ላብና ልቡና

ከወይና ደጋዋ ወልድያ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ መርሳ የወረደ መንገደኛ፣ ብርቱካንና ማንጎ በሚያፈራው በሀብሩ ሜዳ የፀሐዩን ብርታት በቆዳው ያውቀዋል፤ እርሱስ ላቡን በነጠላው ጠርጎ ከዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል፤ ኮፍያ ደፍቶ፣ በማስክ ተሸፍኖ፣ ጋውን ለብሶና ጓንት አጥልቆ በሰው ሆድ ላይ ያጎነበሰው ሐኪም ግን፣ ነርስ ግንባሩን ካላበሰችለት በቀር ላቡን ሊጠርግ አይቻለውም።

ሥጋ የሚቀዘቅዘው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ ንጽሕናን የሚጠብቀው ልብስ ይህንኑ ይከለክላልና፣ የመብራቱና የእንፋሎት ማምከኛው ሙቀት ሲጨመርበት ሰውነት ውኃ ያጣል፣ ልቡናም ይዝላል፣ ወደ ቁስሉ የሚንጠባጠበውም ላብ ተሕዋስያንን ያወርዳል። መስኮት ቢከፈት ዝንብ ይገባል፣ ማራገቢያ ቢዞር አቧራ ይነሣል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ክፍል ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እንዲሆንና የተጣራ አየር ዘወትር እንዲለዋወጥበት ይመከራል። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሌይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ንጹሕ አየር የሚወርድበት ከለላ ሠርቶ፣ ኋላም የሐኪሙን ትንፋሽ ከልብሱ ውስጥ በቱቦ የሚስብ ልብስ አከለበት፤ ዛሬም ሙቀቱ ያነሰ የኤልኢዲ መብራትና ቀዝቃዛ ውኃ የሚዘዋወርበት ሰደርያ አሉ።

ነገር ግን ለሐኪሙ የቀዘቀዘው ክፍል ለሕሙሙ ብርድ ነው፤ ማደንዘዣ የሰውነትን ሙቀት የመጠበቅ ኃይል ስለሚያደክም፣ ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደም መፍሰስና የቁስል ማመርቀዝ ይበረታል፤ ለሚወለድ ሕፃንማ የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ክፍል ይመክራል። መፍትሔውም ሁለቱን መለየት ነው፤ ክፍሉን ለሐኪሙ ማቀዝቀዝ፣ ሕሙሙን በሞቀ ልብስና ፈሳሽ፣ ሕፃኑን በማሞቂያ መጠበቅ።

የልቡና ንቃት ግን በቅዝቃዜ ብቻ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ የደከመ አእምሮ የሚዘነጋውን የቀዶ ሕክምናው ቡድን ሁሉ ድምፁን አሰምቶ እንዲያስታውስ የተሠራ ነው። እጅ ማነስም ድካምን ያበዛልና፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠኗ፣ ለገጠሩ ሕዝብ ከመድረሱ ሌላ፣ ተተኪ እጅን ያበዛ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዘመን የተዘረፈው የወልድያ ሆስፒታል እንዳስተማረን፣ ይህ ሁሉ ጥበብ በዕቃና በኤሌክትሪክ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የሐኪሙ የመጠጥ ውኃና ከሌሊት ሥራ በኋላ የሚተካው ባልደረባ ለሐኪሙ ምቾት የሚሰጡ ችሮታዎች ሳይሆኑ፣ ከማደንዘዣውና ከመስፊያው ክር ጋር በአንድ መዝገብ ሊጻፉ የሚገባቸው የሕሙሙ መድኃኒቶች ናቸው።