የሶማሊያ ጠረፍ ቀዝቃዛ ውኃ፦ እየበረታ ነው ወይስ እየደከመ?

ሐምሌ ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ጭጋግና ዝናብ ሲለብስ፣ ከሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከራስ ሐፉን ፊት ለፊት ያለው ባሕር ይቀዘቅዛል። ቦታው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንዲህ ካለ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ውኃ ነው የሚጠበቀው። ግን በክረምቱ ወራት የላይኛው ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ውቅያኖሱ ገባ ሲባል ሙቀቱ ተመልሶ ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል።

የቅዝቃዜው ምክንያት ነፋስ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ጠረፉን ታክኮ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ፣ የሶማሊያ ጄት የሚባለው፣ የክረምቱ የነፋስ ሥርዓት አካል ነው። ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ወደፊት ቢገፋውም የምድር መሽከርከር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ውኃውን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ እዚህ ጠረፍ ላይ ቀኝ ማለት ከየብስ መራቅ ነው። የስዊድኑ ሳይንቲስት ኤክማን ይህን በሒሳብ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ዳሩን ለቅቆ የሄደውን ውኃ የሚተካው ከ100 እስከ 200 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ናይትሬትና ፎስፌትም ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ሲያገኘው በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፅዋት ይፈላሉ፤ ዓሣውም እነሱን ተከትሎ ይመጣል። የሚገርመው፣ በዚያው ወቅት የአካባቢው አጥማጆች ጀልባቸውን አሸዋ ላይ ጎትተው ነው የሚቀመጡት፤ ምግቡን የሚያወጣው ነፋስ ባሕሩንም ይዘጋባቸዋልና።

በ1960ዎቹ የዓለም አቀፉ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት ዘመቻ መርከቦች ይህን ውኃ ለክተዋል። መርከብ ግን የሚያየው በመንገዱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። በ1979 ክረምት የተነሡ የሳተላይት ምስሎች ሙሉ ቅርጹን አወጡት፦ አንዱ በ5፣ ሌላው በ10 ዲግሪ አካባቢ ሁለት የቀዝቃዛ ውኃ ሽብልቆች፣ በመካከላቸው ደግሞ «ታላቁ አዙሪት» የሚባለው፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የውኃ ክብ። ክረምቱ ሲገፋ ደቡባዊው ሽብልቅ ወደ ሰሜን ተጉዞ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ከ1981 ወዲህ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት (ኖኣ) ሳተላይቶች የባሕር ሙቀት መዝገብ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በ2000ዎቹ መጨረሻ የባሕር ላይ ወንበዴዎች መርከቦችን ከአካባቢው ሲያርቁ፣ የቀረው ዓይን የሰማዩ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ዓይን ግን ደካማ ጎን አለው። ኢንፍራሬድ መሣሪያው የሚለካው ከፀጉር ውፍረት ያነሰውን የውኃ ቆዳ ነው፤ ደመናንም አያልፍም፣ የክረምቱ ሰማይ ደግሞ ደመናማ ነው። ከዚህ የከፋው ደመናው የሚለይበት ዘዴ ነው። ደመና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ከተለመደው የወሩ ሙቀት በብዙ ዲግሪ የቀዘቀዘ ፒክስል ሲያገኝ «ደመና ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። በጥቂት ቀናት ከ26 ወደ 18 ዲግሪ የወረደ እውነተኛ ውኃም አብሮ ይጣላል፤ ወርሃዊው አማካይ የሚሠራው ከተረፉት ሞቃት ቀናት ይሆናል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ጠረፍ ፓዝፋይንደር የተባለው የሳተላይት መዝገብ ወርሃዊ ካርታዎች በባሕሩ ዳር ከእውነተኛው በበርካታ ዲግሪ የበለጠ ሙቀት ሲያሳዩ ተገኝተዋል። ማይክሮዌቭ መሣሪያ ደመናን ያልፋል፤ ፒክስሉ ግን በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ የብስና ውኃ ይደባለቁበታል፤ ስለዚህ ልንለካው የፈለግነው ጠባብ የባሕር ዳር ያመልጠዋል።

አጥኚዎች የተለመደውን መለኪያ የሚያወጡት የባሕሩን ዳር ሙቀት በዚያው ኬክሮስ ካለው የመሀል ውቅያኖስ ሙቀት ላይ ቀንሰው ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ሽቅብ የሚወጣው ውኃ በዝቷል ይባላል። እኔ በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ እምነት የለኝም። መሀል ውቅያኖሱ ብቻውን ቢሞቅ፣ ከሥር አንዲት ጠብታ ሳትጨመር ልዩነቱ ይሰፋል፤ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ባለፈው ምዕተ ዓመት ክፉኛ ከሞቁት የሐሩር ባሕሮች አንዱ ነው።

ሽቅብ የሚወጣው ውኃ እየበረታ ነው ወይስ እየደከመ የሚለው ክርክር የቆየውም በዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድሩ ባኩን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ምድር ስትሞቅ የብስ ከባሕር ፈጥኖ ስለሚሞቅ የጠረፍ ነፋሶች ይበረታሉ፣ ሽቅብ የሚወጣውም ውኃ ይጨምራል አለ። በ2005 እነ ጎዝ በዚያው መጽሔት የሰባት ዓመት የባሕር ቀለም መረጃ ይዘው፣ በምዕራብ ዓረብ ባሕር ጠረፍ የክረምት የባሕር ዕፅዋት መጠን ከ350 በመቶ በላይ ማደጉን ጻፉ። መዝገቡ ሲረዝም ግን ጭማሪው አልቀጠለም። በ2016 ደግሞ እነ ሮክሲ ተቃራኒውን አሉ፦ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ምርታማነት በስድስት አሥርት ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ ወርዷል፤ የሞቀው የላይኛው ውኃ ቀላል ስለሆነ የጥልቁን ንጥረ ነገር ከላይ ሆኖ ይዘጋል።

የባኩንና የእነ ሮክሲ ሐሳቦች የግድ አይጣሉም። ነፋሱ በርትቶ ዳሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከዳሩ ርቆ ያለው ሰፊ ባሕር ሊራብ ይችላል። የእነ ጎዝ ሰባት ዓመት ግን አጭር ነው፤ የአንዱ ዓመት የክረምት ነፋስ ከሌላው ዓመት በጣም በሚለይበት ባሕር የመነሻው ዓመት ምርጫ ብቻውን የለውጡን መስመር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዞረዋል። አርጎ የተባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየአሥር ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ እየለኩ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ኃይለኛው የሶማሊያ ጅረት ጠርጎ ይወስዳቸዋልና በጠረፉ አይቆዩም። ከዚህ ባሕር ዓሣ ለማውጣት ሶማሊያ በ2018 መጨረሻ ለቻይና መርከቦች በየዓመቱ የሚታደስ የቱና ማጥመጃ ፈቃድ ሰጥታ ነበር፤ ውኃውን ለመለካት ከጠረፉ አጠገብ ተተክሎ ዓመት ከዓመት የሚሠራ የቴርሞሜትር ሰንሰለት ግን ገና ይጠበቃል።