«አለኝ» በስፓኒሽ

የ10 ዓመቷ ልጄ ስፓኒሽ የምትማረው ደብረ ማርቆስ፣ አጎቴ ዘንድ ነው። ጋሼ በ1970ዎቹ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው።

እሁድ ዕለት ቡና እየተፈላ ዕድሜዋን ጠየቋት። «ሶይ ዲዬስ» አለች፤ «10 ነኝ» ማለቷ ነበር። ሳቁ። ስፓኒሽ ዕድሜን እንደ ንብረት ነው የሚቆጥረው፤ «ቴንጎ ዲዬስ አኞስ»፣ 10 ዓመት አለኝ። ረሃብም እንዲሁ «አለኝ» ነው።

ግሱ ግን መልኩን ይለዋውጣል፦ ቴንጎ፣ ቲዬኔስ፣ ቲዬኔ፣ ቴኔሞስ፤ ያለፈው ደግሞ ቱቤ። ልጄ «ይሄን ማን ይይዘዋል?» ብላ ደብተሯን ዘጋች።

«አለኝ፣ ነበረኝ፣ ይኖረኛል ትያለሽ አይደል? ማን አስጠናሽ?» አሏት። እንዲያውም የእኛው ይብሳል፤ እህት አለችኝ፣ ወንድሞች አሉኝ እንላለን። ስፓኒሹ ለሁሉም ቴንጎ ነው።

ትንሽ አኩርፋ ቆየችና ደብተሯን ገለጠች። «ቴንጎ አምብሬ» አለች። ዳቦው ተቆረሰ።